ሳይዘራ የበቀለ

የማዘጋጃ ቤት አግዳሚ ወንበር ሰውን ከሰው የሚያገናኝበት የራሱ ስልት አለው። ሌላ ቦታ ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ሁለት ሰዎች እዚያ ላይ ተጣብቀው ግማሽ ቀን ሲቀመጡ ወይ ይዛመዳሉ ወይ ይጣላሉ። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ መቀስ ሠላሳ አንድ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዘው እዚያ ሲቀመጡ፣ ከሁለቱ አንዱ እንደሚያገኛቸው አልጠረጠሩም። ሁለቱም አገኟቸው።

ጋሽ መቀስ የወጣላቸው ስም ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማውን መናፈሻና የመንገድ ዳር ሣር ሲያስተክሉና ሲያሳጭዱ ኖረው በአለቃነት ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። በየጠዋቱ ሰፈሩን ይዞራሉ፤ ከአጥር ያፈነገጠ ቅርንጫፍ ካዩ ከኮታቸው ኪስ መቀስ ይመዛሉ፤ የግቢውን ባለቤት ፈቃድ የሚጠይቁት ከቆረጡ በኋላ ነው። የራሳቸው ግቢ ሣር እንደ ተላጨ ጉንጭ ነው። እግሩን እንዲያሳርፍበት የተፈቀደለት ሰው የለም፤ ሚስታቸውም ጭምር።

የዛሬው ጉዳያቸው ከአምስት ሳምንት በፊት ያስገቡት ማመልከቻ ነበር። ከቤታቸው በስተኋላ ባለው መንገድ ላይ አንድ ግቢ አለ፤ ሰፈሩ «የጫካው ቤት» ይለዋል። ቅጠሉ ወገብ ይደርሳል፣ አበባው ወደ መንገድ ይዘነበላል፣ የደረቀው አገዳ አይነሳም። ባለቤቷ ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባ ሴት ናት ይባላል እንጂ ጋሽ መቀስ ዓይኗን አይተውት አያውቁም። ግቢዋን ግን አይተዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም እንዲያሳጭደው ጽፈዋል።

ከጎናቸው አንዲት ወጣት ጉልበቷ ላይ ፋይል፣ በፋይሉ ላይ የወረቀት ከረጢት አስቀምጣ በእግሯ ወለሉን ትመታለች። ጋሽ መቀስ መጀመሪያ ያዩት ጥፍሯን ነው። በጥፍሯ ሥር አፈር አለ። ሌላው የሚጸየፈውን እሳቸው ወደዱት።

«ልጄ፣ የእጅሽ አፈር የሥራ አፈር ነው» አሏት።

«የእርስዎስ መቀስ የሥራ መቀስ ነው ጋሼ? ኪስዎን ቀዶ ሊወጣ ነው።»

«አብሮኝ ያረጀ ነው። አንቺስ፣ ሥራሽ ምንድነው?»

«የዕፅዋት ትምህርት አስተምራለሁ። ዛሬ ግን ተከሳሽ ነኝ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«አበባ ተክዬ።»

ጋሽ መቀስ ሳቁ። «አበባ መትከል ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስከስሰው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስተክል ኖሬ የተሸለምኩት የእጅ ሰዓት ነው።»

«የእርስዎ በሰልፍ የቆመ ይሆናላ። የእኔ አልተሰለፈም።» ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችላቸው። «ያንብቡት እስቲ። እስከ ዓርብ ካላጸዳሁ በማሽን ያጭዱታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘር ስለቅም የኖርኩበት ግቢ ነው። ዘሩ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ዓርብ ከታጨደ ግን የሚለቀም ነገር የለም፤ አንዳንዱን ደግሞ ሌላ ቦታ ፈልጌም አላገኘውም።»

ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሦስተኛው መስመር ላይ ከማመልከቻው ተገልብጦ «ግቢው ጸጉሩን አበጥሮ እንደማያውቅ ሰው ሰፈሩን አሳፍሯል» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲጽፏት በጣም ወድደዋት ነበር። አሁን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ማነው ያመለከተብሽ?» አሉ፣ ጉሮሯቸውን እያጠሩ።

«ስም አልሰጡኝም። ማንም ይሁን ሥራ የፈታ ሰው ነው።»

«ለሰፈሩ የሚያስብ ሰውም ሊሆን ይችላል።»

«ለሰፈር የሚያስብ በር ያንኳኳል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍም ጋሼ።»

ተደብቆ መከራከር ለጊዜው ይመቻል። ስድቡም ምስጋናውም በሌላ ሰው ስም ስለሚመጣ ክርክሩን እንደ ልብ ማስፋት ይቻላል። ጋሽ መቀስም ይህን ምቾት አላባከኑትም።

«እንዲያው ያ ሰውዬ ቢሆን ምን ይል ይሆን ብዬ ነው። ለምሳሌ እባብ ይገባል ይላል።»

«ሦስት ዓመት ኖሬ አንድም አላየሁም። እባብ ያየ በልጥ ይደነብራል ሲባል ነበር የምሰማው፤ የእኛ ሰፈር ደግሞ እባቡንም ሳያይ ይደነብራል።»

«ትንኝስ?»

«ትንኝ የምትራባው በተኛ ውሃ ነው፤ በአበባ አይደለም። ያ ሰውዬ ትንኝ ከፈራ የአበባ ማሰሮውን ሥር ይይ። የተደፈነ አሸንዳውን ይይ። የሚያጠጣው ሣር ጥግ ያቆረውን ውሃ ይይ።»

ጋሽ መቀስ አሸንዳቸው ትዝ አላቸውና ፈጥነው ሌላ ነገር አነሱ። «እሺ ይሁን፤ ንጽሕናውስ? ሰው ምን ይላል?»

«'ሰው ምን ይላል' እኮ ነው ከተማውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሣር ያለበሰው» አለች፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞር አለ። «ቆሻሻ ማለት የማይበሰብስ ነገር ነው፤ ፌስታል፣ ጠርሙስ፣ ጎማ። የደረቀ አገዳ ቆሻሻ አይደለም። ይህን ይዩልኝ።» ከወረቀቱ ከረጢት አንድ ስንዝር የሚያህል ደረቅ አገዳ አወጣች። ቀዳዳው በጭቃ ተደፍኗል፤ ሰው የለሰነው ነው የሚመስለው። «ይህ በር ነው። ውስጡ ንብ ተኝታለች። የማር ንብ አይደለችም፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ቀፎ የሌላት፣ የዚሁ የአገራችን ንብ ናት። አገዳውን ያጨደ ሰው አልጋዋን ነው የሚያጭደው። አገር በቀል ተክል ለአገር በቀል ንብ ማለት ይኸው ነው።»

«አገር በቀል፤ ጥሩ ቃል ነው» አሉ ጋሽ መቀስ። «በቀል ሌላም ትርጉም አለው እንጂ። ሰፈሩን እየተበቀልሽው እንዳይሆን።»

ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች። ዝምድናው እዚህ ላይ ነበር። ጠቡ ደግሞ «ቁጥር ሠላሳ» ተብሎ ሲጠራ መጣ።

የመስኮቷ ጸሐፊ ፋይሉን ተቀብላ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ደንቡን አነበበችላት። «አንቀጽ ዘጠኝ። አረም ማለት ማንም ሳይዘራው የበቀለና የግቢን መልክ የሚያጠፋ ተክል ነው። አረም የበዛበት ግቢ ይታጨዳል። ይኸው ነው እህቴ።»

«ማንም ሳይዘራው ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ ዘርቼዋለሁ።» መምህርቷ አንድ ወፍራም ደብተር በመስኮቱ ሥር አሾለከች። «ዘሩን ከየት እንደለቀምኩት፣ በየትኛው ቀን እንደዘራሁት፣ መቼ እንደበቀለ ሁሉም ተጽፏል። ስልሳ ሦስት ዓይነት ነው።»

ጸሐፊዋ ደብተሩን አገላበጠች፤ ደንቡን አየች፤ እንደገና ደብተሩን አየች። «የሚታጨደው አረም ነው። የተዘራ ከሆነ አረም አይደለም። አረም ካልሆነ ደግሞ...» ቆም አለች። «ማሽኑ እኮ ለዓርብ ተመድቧል።» የማሽኑ መመደብ ለእሷ ከማስረጃ ሁሉ የከበደ ማስረጃ ነበር። «ባለሙያ አይቶ ይፈርምበት እንግዲህ።» ከዚያ በመምህርቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ ፊቷ በራ። «ጋሽ መቀስ፣ እንኳን መጡልኝ። ይህን አንቀጽ ያረቀቁት እርስዎ አይደሉ? ማመልከቻውም የእርስዎ ነው። እርስዎው አይተው ይገላግሉን።»

መምህርቷ ቀስ ብላ ዞረች። ጋሽ መቀስ ቁጥራቸውን እንደ ጥፋተኛ ተማሪ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ደንብ አውጪም ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው» አለች በቀስታ። «ይመችዎት ጋሼ። ነገ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። በሬን ለማንኳኳት ጥሩ አጋጣሚ ነው።» ደብተሯን አንስታ ወጣች።

ጋሽ መቀስ ቤታቸው ሲደርሱ ሚስታቸው ጓሮ ነበሩ። በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ከአንዱ የዱባ አበባ ወደ ሌላው ይጎነበሳሉ። አራት ዓመት ሆናቸው እንዲህ ሲያደርጉ። ንብ መምጣት ካቆመ ወዲህ የወንዱን አበባ ብናኝ በእጃቸው ለሴቷ ካላደረሱ ዱባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል።

«በስተርጅናዬ የዱባ አጋቢ ሆኜ ቀረሁ» አሉ ሚስትየው ቀና ሳይሉ። «ጉዳይህስ አለቀ?»

ጋሽ መቀስ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ነገሩን ለራሳቸው እንዲስማማ ለማድረግ ሁለት ቦታ ላይ ሞክረው ነበር፤ ሚስትየው ሁለቱንም ቦታ አወቁት።

«እንዲያው ግቢዋ ምን አደረገህ?»

«ሥርዓት የለውም።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ያንተ ሣር ሥርዓት አለው፤ እኔ ግን ዕድሜ ለእሱ የንብ ሥራ ተቀጥሬያለሁ። ያቺ ልጅ ንቧ የት እንዳለች ካወቀች፣ ከማሳጨድህ በፊት ጠይቅልኝ።»

በማግሥቱ ጋሽ መቀስ የድሮ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የልኬት ገመድና አንድ የብረት ዘንግ ይዘው ሄዱ። ዘንጉ ከዛፍ ተከላ በፊት የአፈር ጥንካሬ የሚለኩበት ነው። በሩን አንኳኩ። መምህርቷ ከፈተችላቸው፤ ይግቡ አለች እንጂ ደህና ዋሉ አላለችም።

ምርመራው እንደ ፍርድ ቤት ነበር። ጋሽ መቀስ በጣታቸው ይጠቁማሉ፤ እሷ የደብተሩን ገጽ ትጠራለች። ሐምራዊው? ገጽ አራት። ይህ ባለ ጸጉሩ? ገጽ አሥራ አንድ። ይህ ባለ ሦስት ቅጠሉ ማገጥ? ገጽ ሁለት፤ መሬቱን ያዳብራል። ሳማውስ፣ ሳማም ይዘራል? ይዘራል፤ ገጽ ሃያ፤ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥልበት ነው፤ እዚያ ጥግ ላይ ያደረግኩት ሰው እንዳይነካው ነው። አንድ ሰዓት እንዲህ ዞሩ። በመጨረሻ ጋሽ መቀስ በሩ አጠገብ ጎንበስ አሉና ፊታቸው ፈካ። በአጥሩ ሥር የሚሳብ፣ አጭር፣ ሥሩ በሥሩ ላይ የተጠላለፈ ሣር አለ።

«ይህንንስ ገጽ ስንት ላይ ነው የጻፍሽው?»

«እሱን አልዘራሁትም።»

«እንግዲያው አረም ነው።»

«አረም ነው» አለች፣ ሳትከራከር። «በየሳምንቱ እነቅለዋለሁ። ከመንገዱ ዳር በአጥር ሥር ይሾልካል። አጠገቡ ማንንም አያስጠጋም፤ ካላጠጡትም ይቀየማል። ጋሼ፣ ጠጋ ብለው ይዩት እስቲ፤ አያውቁትም?»

ጋሽ መቀስ አንድ ዘለላ ነቅለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አወቁት። ዘሩን ከባሕር ማዶ በጆንያ አስመጥተው፣ በከተማው መንገድ ሁሉ ግራና ቀኝ ያስተከሉት፣ የእጅ ሰዓቱንም የተሸለሙበት ሣር ነው። ማንም ሳይዘራው እዚህ በቅሏል። የግቢውንም መልክ አጥፍቷል። አንቀጽ ዘጠኝ ቃል በቃል ተፈጽሞበታል።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «የገዛ ሣሬን ከሰስኩት በይኛ» አሉ።

ይሁን እንጂ በቃል የተረታ ሰው ሁሉ አምኗል ማለት አይደለም። ብዙ ተከራካሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አፍ ካስዘጋ ልብ የከፈተ ይመስለዋል። መምህርቷም ልትሳሳት ነበር። አሁን ይፈርሙልኝ ብላ እስክሪብቶ አወጣች።

«ቆይ» አሉ ጋሽ መቀስ። «አረም አለመሆኑን አምኛለሁ። ጥሩ መሆኑን ገና አላመንኩም።» ዘንጋቸውን አንስተው መሬቱ ላይ አቆሙና ለመዶሻ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። መዶሻ አላስፈለገም። በመዳፋቸው ሲጫኑት ዘንጉ አንድ ክንድ ያህል ሰመጠ። ነቅለው ሌላ ቦታ ሞከሩ፤ እዚያም ሰመጠ። በራሳቸው ግቢ መዶሻ ይዘው እንኳ ከአንድ ስንዝር አያልፍም፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራትቶ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ይመጣል። ያን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀብተውታል፤ ሦስት ጊዜም እርጥበት ጠጥቶ ተልጧል።

«ውሃ ስንት ጊዜ ታጠጫለሽ?»

«በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ አጠጥቼ አላውቅም። ሥራቸው ከእኔ ቁመት የበለጠ ጠልቆ ይወርዳል፤ ሲዘንብ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ፣ በበጋ ከዚያው ይጠጣሉ።»

ጋሽ መቀስ ጎንበስ ብለው ዘንጉን ነቀሉ። ያኔ ግቢው ድምፅ እንዳለው ሰሙ፤ እስካሁን ሲናገሩ ስለነበሩ አልሰሙትም። ከማር ንብ ያነሱ፣ አንዳንዶቹ ጥቁር፣ አንዳንዶቹ እንደ ጥንዚዛ አረንጓዴ የሆኑ ነገሮች ከአበባ አበባ ይላላካሉ።

«እነዚህ...» አሉ፣ ዓይን አፋር ሆነው። «የዱባ አበባ ይወዳሉ?»

«እንዴት አይወዱ።»

«ከዚህ እስከ እኛ ጓሮ መቶ አርባ እርምጃ ነው። ታዲያ ለምን አይመጡም?»

«ትንንሾቹ ሩቅ አይሄዱም ጋሼ። እንሂድ ቢሉስ መንገድ ላይ ምን ይበላሉ፣ የት ያርፋሉ? ከእኔ አጥር እስከ እርስዎ ዱባ ድረስ ያለው ሁሉ ሣርና ሲሚንቶ ነው። ለእኛ አረንጓዴ ነው፤ ለእነሱ በረሃ ነው። ደግሞ መድኃኒት ይረጩበታል አይደል?»

«እረጭበታለሁ።»

«እንግዲያው የደረሱትም አይመለሱም።»

ይህን የተናገረችው ሳትወቅስ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው ነበር፤ ስለዚህ ዘልቆ ገባ። ጋሽ መቀስ የሚስታቸው ወገብ ታያቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ የጎነበሰው።

«እሺ» አሉ። «ተረትቻለሁ። አሁን ግን ተራው የእኔ ነው፤ አንቺም ትሰሚኛለሽ። ይህ ግቢ ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን ሥራ አታውቂም።»

መምህርቷ ቅንድቧን አነሳች።

«አትቆጪ። ስለ ተክሉ ከእኔ ታውቂያለሽ፤ ስለሚያየው ሰው ግን ምንም አታውቂም። ጠርዝ የለሽም። መንገድ የለሽም። አበባሽ አላፊውን ፊቱን ይጠርገዋል። ሰው ጠርዝ ያላየበትን ቦታ እጅ የሌለበት ይመስለዋል፤ እጅ የሌለበትን ደግሞ የተጣለ ይለዋል። እኔን ጨምሮ። ከመንገዱ ዳር ሦስት ስንዝር አጭር አርገሽ ያዢው፤ በገመድ ተለክቶ፣ ቀጥ ያለ። ከበሩ እስከ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ መንገድ አውጪ። የተክሎቹን ስም በሰሌዳ ጻፊ። ያኔ ያው ግቢ የአትክልት ቦታ ይባላል።»

«ለአላፊ አግዳሚ ዓይን ብዬ ሦስት ስንዝር ላጥፋ? ትክክለኛ ነገር ማስጌጫ ምን ያደርግለታል?»

«ትክክል መሆንሽን አንቺና ንቦቹ ብቻ ነው የምታውቁት። እነሱ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ሄደው አይመሰክሩልሽም።»

መምህርቷ በአጥሩ ላይ አሻግራ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ትዕግሥት የሌላት ልጅ ናት፤ ግን ሞኝ አይደለችም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጎረቤት ገብቶ ሳይጠይቃት፣ ሁሉም በአጥር ላይ ሲያማት የኖረው ለምን እንደሆነ አሁን ገና ገባት። «ገመዱን ይዘው ነው የመጡት?» አለች በመጨረሻ።

«ይዣለሁ። የምንለካው ግን ዓርብ ነው፤ ማሽኑ በእጃችን ሲገባ።»

ዓርብ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ሦስት ሠራተኞችና አንድ ትልቅ ማጨጃ ይዞ መጣ። ሦስቱንም ሠራተኞች ሥራ ያስተማሯቸው ጋሽ መቀስ ናቸው። ሰፈሩ በየበሩ ወጥቶ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የልኬት ሜትሩን በአንገቱ አንጠልጥሎ እስከ መሐል መንገድ መጣ፤ ማመልከቻው ላይ ከጋሽ መቀስ ቀጥሎ የፈረመው እሱ ነው።

ጋሽ መቀስ በሩ ፊት ቆመው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰቡት ይህችን ደቂቃ ነው። ቢሮ ውስጥ ፈርሞ መውጣት ቀላል ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት «አለቃ» ባለ አፍ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ግን ሌላ ነው።

«ጋሽ መቀስ፣ ከየት እንጀምር?» አለ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ የማሽኑን ገመድ ይዞ።

«አትጀምሩም። ይኸው የባለሙያ ፊርማ፤ ይህ ግቢ አረም የለበትም።»

«እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት?» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰፈሩን ወክለው ጽፈው፣ እኛንም አስፈርመው፣ ዛሬ ካዱን?»

«ጽፌያለሁ። ሳላንኳኳ ነው የጻፍኩት፤ በአጥር ላይ አይቼ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንተን ማስፈረሜም ጭምር። እነዚህን ልጆችም ያስተማርኳቸው ጎደሎ ነበር። ማጨድ አስተማርኳቸው፤ ምን እንደማይታጨድ ግን አላስተማርኳቸውም፤ እኔም አላውቀውም ነበራ።»

አንዲት ጎረቤት ልትስቅ አስባ ተወችው። ሠራተኛው ማሽኑን ሊያወርድ ነው ወይስ ሊመልስ፣ ግራ ገብቶት እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

«አውርዱት፣ አውርዱት» አሉ ጋሽ መቀስ። «ሥራ አለው።» መምህርቷ የልኬት ገመዱን አንድ ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው በአጥሩ ትይዩ ወጠሩት። ከዚያ ማሽኑን ራሳቸው ያዙና ከመንገዱ ዳር ሦስት ስንዝር ብቻ፣ በምላጭ የተሠመረ እስኪመስል ቀጥ አድርገው አጨዱ። ከበሩ እስከ ደጃፉም መንገድ አወጡ። ሲጨርሱ የዚያው ግቢ የዚያው አበባ ከመስመሩ ኋላ ቆሞ፣ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መሰለ። ልብስ ሰፊው ጠርዙን በሜትሩ ሊለካ ጎንበስ ብሎ፣ እዚያው ሐምራዊዋን አበባ ምን እንደምትባል ጠየቀ። ከጋሽ መቀስ ምርመራ ሌላ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመምህርቷ የቀረበላት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ገብቶ እንዲያያት ነገረችው፤ ገባ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ዘሩ ደረሰ፤ ተለቀመ፤ በወረቀት ከረጢት ተከፋፈለ። ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ልብስ ሰፊው በጋሽ መቀስ ደጅ ሲያልፍ ያየው ነገር እግሩን ያዘው። ጋሽ መቀስ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በአካፋ ያንን ዝነኛ ሣር እንደ ምንጣፍ እየገለበጡ ይነቅላሉ። ሚስታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይመራሉ።

«ጋሽ መቀስ፣ ምን ጠፋብዎ?»

«ሣሩን እየነቀልኩ ነው።»

«ጤናዎ ግን ደህና ነው?»

«ያሞኝ የነበረው በፊት ነው። ና ግባ፤ ርገጠው፣ ከእንግዲህ አይከለከልም።» አካፋውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ስማ። ይህን ሣር ለማቆየት በሳምንት ሦስት ቀን አጠጣለሁ፣ አንድ ቀን አጭዳለሁ፣ በወር አንዴ እረጫለሁ። ምን ሰጠኝ? ውሃዬን ጠጥቶ ዝናቡን ግድግዳዬ ላይ ይልክብኛል። የዚሁ አገር ተክል ግን ሥሩ ጠልቆ ዝናቡን መሬት ውስጥ ያስገባል፤ አንዴ ከያዘ ውሃ አይለምንም፤ መርጨቱ ይቀራል፤ ንቡ ይመጣል፤ ንቡ ሲመጣ የዚህች ሴትዮ ወገብ ያርፋል። የእኔ ግቢ ብቻውን ግን አይበቃም። እነዚህ ትንንሾች ከግቢ ግቢ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። የእሷ አለ፣ የእኔ ይኖራል፤ በመሐል ያለው ያንተ ነው። በረሃው አሁን አንተ ጋ ነው ያለው።»

«የእኔ እኮ ጠባብ ነው፤ ይህን የምታህል ናት።»

«ለንብ ሰፊ ናት።»

ልብስ ሰፊው አፈሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ቢሆንስ፣ መቼ ነው የሚያብበው?»

«ዘንድሮ አያብብም» አሉ ሚስትየው ከበርጩማቸው። «መምህርቷ ነግራናለች። በመጀመሪያው ዓመት ሥር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከላይ ሲያዩት ባዶ መሬት ይመስላል።»

«አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ መሬት? ሰፈሩ ይስቅብዎታል እኮ።»

«ይሳቅ» አሉ ጋሽ መቀስ፣ እንደገና እየተንበረከኩ። «ሁለት ሆነን ሲስቁብን ይቀለናል። ያ ጥግ ላይ ያለውን ዶማ አቀብለኝ፤ ያንተን ደግሞ ነገ እንጀምራለን።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ዶማውን አነሳ።